በፈረቃ የምንተኛበት ፍራሽ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን በመከራ ነው የጨረስኩት፤ ሀሌታውን ‹ሀ› የት፣ ሐመሩን ‹ሐ› የት እንደምጽፍ አሁንም ይምታታብኛል። ፊደል የሳትኩበት ቦታ ካለ እለፉኝ። በአፌ ማውራት ስለማልችል ነው የምጽፈው።

ሮም ስደርስ መጀመሪያ የገባሁት የስደተኞች ካምፕ ነበር። አክስቴ ዘነበች ፈርማ ስታወጣኝ ከካምፕ ወደ ካምፐር ገባሁ። ካምፐር ማለት መኝታና ምድጃ ያለው መኪና ነው። አክስቴና ባሏ ጋሽ መዝገቡ የቤት ኪራይ ስላልቻሉ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። አክስቴ አንዲት አሮጊት ስለምታስታምም እዚያው ታድራለች፤ ወደኛ ብቅ የምትለው እሑድ ቀን ብቻ ነው። ጋሽ መዝገቡ ሌሊት መጋዘን ይጠብቃሉ፣ ቀን ይተኛሉ። አልጋው አንድ ነው፤ ሌሊት የኔ፣ ቀን የሳቸው።

ገና በመጀመሪያው ቀን አክስቴ፣ "ሶሊ፣ ይሄ ጠባብ ቤት ነው፤ ጣጣ አይችልም። ጣጣ ካመጣሽ ወደ ካምፕሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ።

ካምፕ ውስጥ ያየሁትን አልጽፍም። መመለስን ግን ከሞት አብልጬ እፈራ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ መዝገቡ ከሥራ ገቡ። እኔ እንደ ሁልጊዜው አልጋውን አንጥፌ፣ ብርድ ልብሱን ወጥሬ ጨርሼ ነበር። አልተኙም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ገመድ አወጡና አልጋውን ለኩ፤ በሩ እንዲከፈት ተብሎ የተቆረጠውን ጥግ ሳይቀር ለኩ። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

"ጫማሽን አድርጊ። ፍራሽ ልንገዛ ነው።"

"እሺ።"

"ለአክስትሽ እንዳትነግሪ።"

ሜትሮው ውስጥ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ኤስኲሊኖ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ አንድ ባር ይዘውኝ ገቡና ካፑቺኖ አዘዙልኝ። የራሳቸው ላይ ሦስት ስኳር ነሰነሱ። የኔን አልቀመስኩትም። እናቴ "ሳትጠይቂው የሚጋብዝሽን ወንድ ፍሪ" ብላኛለች።

ፍራሽ ቤቱ ውስጥ የምትሸጠው ዳኒኤላ፣ ወላጆቿ የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ሮም ነው የተወለደችው።

"አሎራ፣ ለካምፐር ከሆነ ውፍረቱ ከአሥራ ሁለት ሴንቲ አይበልጥም። ከበለጠ ከሥሩ ያለው ሳጥን አይከፈትም" አለች። "ስፕሪንግ ይሁን ስፖንጅ?"

"ድምፅ የማያሰማ ይሁን" አሉ ጋሽ መዝገቡ።

ዳኒኤላ ቀና አለች። "ማን ነው የሚተኛበት?"

"እኔና እሷ።"

እሳቸውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። በፈረቃ ነው ልላት ፈለግሁ፤ አንገቴን ደፋሁ።

"ልጅዎ ናት፣ ጋሼ?"

"የሚስቴ የእህት ልጅ ናት። በፈረቃ ነው የምንተኛው፤ እንደ ታክሲ።"

ዳኒኤላ አልሳቀችም። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም።

"ተኚበት" አሉኝ ጋሽ መዝገቡ።

ሰው እያየኝ ጫፉ ላይ ጋደም አልኩ። ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

"ይመቻል?"

"አዎ።"

"ጎንሽን አይወጋሽም?"

"አይ።"

ከዚያ ወደ ዳኒኤላ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ግን ሰማሁ።

"ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለው?"

ዓይኔ በሩን ፈለገ። እሮጥ ነበር፤ ግን ሮጬ የምደርስበት የለኝም።

"ምን ዓይነት ውሃ? ጣራው ያፈሳል?" አለች ዳኒኤላ።

ገመዱን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ።

"የኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስኳር በሽታ አለብኝ። ሌሊት... ቀን ማለቴ ነው፣ ስተኛ ያመልጠኛል።"

ዳኒኤላ ቀላች። "ቫ ቤኔ፣ ችግር የለም ጋሼ፣ ብዙ ሰው ይገዛዋል" ብላ ሽፋኑን ልታመጣ ገባች።

ሳቋን ብትውጥም ወሬውን አልዋጠችውም። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያሉት የሐበሻ ሻይ ቤቶች ሁሉ ሰሙ። የማነ የሚባል ጓደኛቸው ጋሽ መዝገቡ ሲገቡ ባየ ቁጥር፣ "ዣንጥላ ያላችሁ ዘርጉ" እያለ ቤቱን ያስቅ ጀመር። እያደር ሻይ ቤት መሄዱን ተዉት።

በዚያው ሳምንት እሑድ አክስቴ ወሬውን ሰምታ መጣች። አሮጌው ፍራሽ ገና ካምፐሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። አየችው፤ አፍንጫዋን ያዘች።

"አንተ ሰውዬ፣ በስልሳ ዓመትህ? ለአሮጊቷ ከተገዛው ዳይፐር ላምጣልህ?"

"አምጪልኝ" አሏት።

"አያፍርም እኮ!"

አሮጌውን ፍራሽ ተሸክመው ወደ ቆሻሻው ሄዱ። ጎረቤቶቻችን ቆመው አዩአቸው።

አክስቴ አቀፈችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስታቅፈኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ምስኪን ልጄ፣ በሱ ሽንት ላይ ስትተኚ ከርመሽ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልሽም። ከእንግዲህ የትም አልሰድሽም" አለችኝ።

እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሽንቱ የኔ ነበር።