ዝም ያለችው ልብስ ሰፊ

ችሎቱ ከመጨናነቁ የተነሳ ዝንብ እንኳ ማረፊያ አጥታ በአየር ላይ ሆና ነበር የምታዳምጠው። ተከሳሹ ጠበቃ አላቆመም፤ ምላሱን ተማምኖ መጥቷል። የተከሰሰው ልብስ ሰፊዋን ሱቋ ድረስ ገብቶ ያለ ፈቃዷ ስሟታል ተብሎ ነው። ከተፈረደበት መንገዱ ወደ ወህኒ ነው።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ሰርቄ አልሳምኩም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «‹ልሳምሽ?› ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ዝም አለች። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ብላለች። እናቴም ለአባቴ የተዳረችው እንዲሁ አንገቷን ደፍታ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች «እውነቱን ነው» እያሉ አጉረመረሙ።

«ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ነው፤ ዝምታ ፈቃድ አይደለም» አሉ ዳኛዋ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ የሆነውን ተናገሪ።»

«የሙሽራ ቀሚስ እየለካሁ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። ሰባት ስፒል በከንፈሬ ይዣለሁ። አፌን ብከፍት ልውጠው ነው። በእጄ ብገፋውም አልተመለሰም።»

«ውሸቷን ነው» አለ ተከሳሹ። «በአፏ ምንም ነገር አልያዘችም። ዝም ያለችው ወዳ ነው።»

«ስፒሎቹስ የት ደረሱ?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛዋ።

«አምስቱን ከወለል ላይ ለቅሜያለሁ። ሁለቱ ግን በእሱ ከንፈር ላይ እንደተሰኩ ሄደዋል።»

«ኧረ ክብርት ዳኛ፣ ይቺ ልጅ ስታጋንን» አለ ተከሳሹ፤ «ጤና ጣቢያ የነቀሉልኝ አንድ ብቻ ነው።»