የተረፈችው አንድ ሰዓት

ጌጡ ማሲንቆውን አንግቶ ሱቁ ሲደርስ እግሩ ዝሎ ነበር። ሠላሳ ሰው ለሚይዝ የአዝማሪ ቤት የሚበቃ፣ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ስፒከር ነው የሚፈልገው።

«ይሄኛው ድምፁ ግሩም ነው ጋሼ» አለችው ሻጯ። «ግን የቤታችሁን የቀን ድምፅ ጠራርጎ ነው የሚበላው።»

ለየቤቱ ድምፅ በቀን እየተሰፈረ መሰጠት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጌጡ ሲዘፍን የሚቀነሰው ከዚያው ከቤቱ ድርሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሚስቱ ትርንጎ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ጠቅልላ የምትከድነው፤ ልጃቸውም ሳቋ ሲመጣ አፏን በእጇ መያዝ ለምዳለች።

«ያቺ ትንሿስ?»

«ድምጿ ቀጠን ይላል፤ ግን አንድ ሰዓት ታስተርፍላችኋለች።»

አድማጭ የሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ሲያዜም ከኋላ የተቀመጡት እንደማይሰሙት ያውቃል። ቢሆንም ትንሿን ወሰደ።

ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና፣ «ትርንጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ሰዓት የራሳችን ነው። በይ እስቲ አውሪ፣ እንደ ድሮሽ ጩኺ!» አላት።

ትርንጎ በጨርቅ የተጠቀለለውን ክዳን እንደያዘች ብዙ አሰበች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ምን ብዬ?» አለችው።