ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ሣጥን

ፈትለወርቅ ልትገዛው ባሰበችው ግራፊክስ ካርድ ርዝመት የቆረጠችውን ካርቶን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሣጥኑ ብትከተውም፣ ሁለት ጣት ያህል አልገባም አለ። መስቀል ጠራቢው አባቷ ለምትገጣጥመው ኮምፒውተር ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍለው፣ ሦስት ሳምንት ያለሰለሱት ሣጥን ነው።

«ምነው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ አባዬ! የቆርቆሮ ሣጥን እኮ በብሎን ይፈታል፤ ይሄ በምን ይፈታል?»

«መገጣጠሚያ ያለው ነገር ላሊበላ ላይ ማን ይሠራል? ይልቅ የሚሸጥልሽ ሰውዬ ካርዱን ከጫፉ ትንሽ አይሞርድልሽም?»

«ካርድ አይሞረድም!»

የአዲስ አበባው ሻጭ ስልኩ ላይ እየጠበቀ ነበር። «እህቴ፣ ረጅሙ ካርድ ወይስ አጭሩ? መኪናው ሊወጣ ነው።» ዓመት ሙሉ ቱሪስት እያስጎበኘች ያጠራቀመችው ለረጅሙ ነበር፤ አጭሩ የምትመኘውን ጨዋታ እያንቀራፈፈ ነው የሚያጫውታት። አባቷ ግን በተላጠ መዳፋቸው ሣጥኑን ያሻሹ ነበር።

«አጭሩን ላክ!» ብላ ጮኸችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ወዲያው ከኋላዋ መዶሻ ጓ፣ ጓ አለ። ዞር ስትል የአባቷ መሮ ያንን የለሰለሰ ግድግዳ በስቶ ማዶ ወጥቷል።

«በይ ረጅሙን በይው፤ መስኮት እየከፈትኩለት ነው።»

ጥርሷን ነክሳ መልሳ ደወለች።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አላት ሻጩ።