ባለ ጭራው ማንጎ

«ዘንጉን አውርድ!»

ሶስና የጮኸችው ገና ከአጥሩ ሳታልፍ ነው። ወንድሟ መልካሙ ረጅሙን ዘንግ የማንጎው ቅርንጫፍ ላይ እንዳንጠለጠለ ዞሮ አያት። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጫማዋ የሰው አገር አቧራ ለብሷል። ባሏ ፍቅሩ ፓስፖርት አውጥቶላት፣ በከባድ መኪናው ጅቡቲ፣ ታጁራ ድረስ ባሕር ሊያሳያት ይዟት ከሄደ አምስተኛ ቀኗ ነበር። አሁን መርሳ አስፋልቱ ላይ አውርዷት መኪናውን ሊያቆም ሄዷል።

«መጀመሪያ እንዴት ዋላችሁ አይባልም እንዴ?» አለ መልካሙ። «ባሕሩንስ አየሽው?»

«ቆይ፣ አንተ ምን እያደረግህ ነው?»

የሚያደርገውማ ግልጽ ነበር። አባቷ አቶ በላይ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መቀሳቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንጎ አራግፈው አያውቁም። አንድ በአንድ፣ ከቅርንጫፉ ጣት የምታክል ጭራ አስቀርተው በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ጭራዋ ከሥሯ ከተነቀለች ሙጫዋ ፈስሶ ቆዳዋን ያቃጥላታል ባይ ናቸው። ከዚያ ጭራዋን ወደ ታች ደፍተው፣ የታጠፈ ደረቅ የሙዝ ቅጠል አልብሰው ሣጥን ውስጥ ይደረድሯታል። በመርሳ ምድር እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ገበያተኛውም «በላይ መቀስ» የሚል ስም አውጥቶ ሲሥቅባቸው ኖሯል። ዘንድሮ ጉልበታቸው ዛፍ መውጣት እምቢ ሲላቸው ሥራው ለመልካሙ ሆነ፤ መልካሙ ደግሞ ዘንግ ይዞ መጣ።

«አይሱዙው ቆሟል» አለ መልካሙ። እውነትም መንገድ ዳር የወልድያው ሹፌር አበባው ጡሩምባውን ይነፋል። «አራግፈን እንጫን። ለማን ብለን ነው እያንዳንዷን እንደ ሙሽራ የምንኩላት? ወልድያ ሲደርስ ሁሉም ያው ማንጎ ነው።» ከወልድያ ወዲያ የት እንደሚሄድ ከዚህ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ግን የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። ሶስናን ያናደዳትም ይኸው ድምፅ ነው።

ስልኳን አወጣች። «ባሕሩን ማየት ፈልገህ የለ? ና እይ።»

ባሕሩንማ ዓመት ሙሉ ፍቅሩን ጨቅጭቃ አይታዋለች። እንደ ዱቄት የነጣ የጨው ሐይቅ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚሰበር ሰማያዊ ውኃ፣ በዳርቻው የሚንጎማለሉ ግመሎች፤ ያላየችው የለም። በሦስተኛው ቀን ግን ታጁራ ውስጥ፣ ውኃው ዳር ካለ የፍራፍሬ መደብ ላይ የሙዝ ቅጠል አየች። ከመሐሉ የታጠፈ ነው። ገለጥ ስታደርገው ማንጎ፣ ጭራዋን ደፍታ። በልጅነቷ ስንት ሺህ እንዲህ ያለ ቅጠል አጥፋለች። ፍቅሩ «አንቺ ሴትዮ፣ ባሕሩ ወዲህ ነው!» እያለ ቢጣራ ጆሮዋን አልሰጠችውም።

መልካሙ ስልኩን ተቀብሎ በጣቱ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። «ይኼ ሁሉ ማንጎ ነውኮ!»

«ባለመደቡ ኡበይደላ ይባላል» አለች። «ከሹፌሮች የለመደው አማርኛ አለው። ከየት የመጣ ነው ስለው ‹ከሐበሻ ደጋ› አለኝ። መርሳ ለሱ ደጋ ናት! ‹ሌላው ማንጎ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አያድርም፣ የፍየል ቀለብ ነው። ባለ ጭራው ሲመጣ ግን ወላሂ ሰው ይሰለፋል። ለአሮጊት እናቴ ከሱ ሌላ አላበላም› አለኝ። የአባቴ ነው ስለው ሣቀብኝ። ቅጠል አንስቼ አጥፌ ሳሳየው ግን ብድግ ብሎ በራሱ ወንበር አስቀመጠኝ።»

የመጨረሻውን ስትናገር ወደ አባቷ ዞረች።

አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው አዩት።

«ይኼ ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊስ ምንድን ነው?»

«ባሕሩ ነው አባዬ።»

«እህ» አሉና አውራ ጣታቸውን ባሕሩ ላይ ጭነው ማንጎዋን ማየታቸውን ቀጠሉ።

መልካሙ ዘንጉን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ከአባቱ ጭን መቀሱን አንስቶ ዛፉን ይወጣ ጀመር። አበባው ጡሩምባውን ደግሞ ሲነፋ «ጠብቅ እንጂ!» ብሎ ከላይ ጮኸበት። ሶስና ልቧ ቅቤ ጠጣ።

አባቷ ግን ሐሳብ ይዟቸዋል። «ለእናቱ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ለእናቱ።»

«በጣም አርጅታለች?»

«እንጃ አባዬ፣ እሱን አልጠየቅሁም።»

አቶ በላይ በርጩማውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። «መልካሙ!» አሉ ወደ ላይ አንጋጠው። «ውረድና ከወዲያኛው ዛፍ ጀምር። የሱ ማንጎ ክር የለውም፤ ለሴትዮዋ ጥርስ ይመቻታል።»