ሪባኑ በጥቁሩ በኩል

«ዛሬ በየትኛው በኩል ልሰካልህ?» ብላ እናቷ አባቷን ስትጠይቀው ቨርና በልጅነቷ መስማቷ በደብዛዛው ትዝ ይላታል። «በጥቁሩ፤ ከመሃላችን ሰው ሞቷል» ነበር መልሱ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሪባን ፊቱ ለሰልፍ ቀይ፣ ጀርባው ለቀብር ጥቁር ነበር።

አሁን አላባማ በሚገኘው ቤቷ በረንዳ ላይ፣ የከተማው ጎማ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር እንዳይገባበት የሚቀሰቅሰው ድርጅት የላከው ሰውዬ ካሜራውን አስተካከለ። «እትዬ ቨርና፣ ‹ማኅበር ለአባቴ ምንም አልፈየደለትም› ይበሉ፤ በቃ።»

«በያ እማዬ» አለ በጎማ ፋብሪካው የሚሠራው ልጇ። «ማኅበር ከገባ ፋብሪካው ይዘጋል ብለውናል። ልጆቼን ይዤ አንቺ ሶፋ ላይ ልደር?»

የአባቷን ሪባን ከኪሷ አውጥታ ወደ ጥቁሩ ገለበጠችውና ደረቷ ላይ ሰካችው።

«ያምራል፤ ይቆይ» አለ ሰውዬው። ልጇ ግን ትርጉሙን ያውቅ ነበርና አቀረቀረ።

«እሺ፣ እላለሁ» አለች።