የኮክ ሽሮፑ ቀማሽ

ኮክ አይታመንም። ከአንድ ዛፍ ወርዶ በአንድ ጆንያ ይመጣና ግማሹ ማር፣ ግማሹ ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ይሆናል። ስለዚህ የኮክ ሽሮፕ በሚዛን አይሠራም፤ በምላስ ነው የሚሠራው። የሰብሪናም ችግር ይኸው ነበር፤ ሥራው የመጣላት በረመዳን ነው።

ሰብሪና ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። በዚያ ዓመት ረመዳን ሐምሌ ማለቂያ ላይ ገባ፤ ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሆቴልም ለማፍጠሪያ የሚበጠብጠውንና ኬኩ ላይ የሚያፈሰውን ሽሮፕ ከእሷ ሊወስድ ተስማማ። ወሩን በደህና ከተወጣችው ዓመቱን ሙሉ ሊያዛት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ በር ተከፍቶላት አያውቅም።

ኮኩን ትቀቅላለች፣ በነጭ ሻሽ ታጠላለች፣ ስኳርና ሎሚ ጨምራ እስኪወፍር ታንተከትካለች። መቅመስ ግን አትችልም።

"በምላስሽ ነካ አድርገሽ ትፊው፤ ይፈቀዳል እኮ" አላት ሽሮፑን ለሆቴሉ የሚያደርሰው ታናሽ ወንድሟ ሳላሀዲን።

"ይፈቀድ ይሆናል። የእኔ ልብ ግን አይረጋም።"

መፍትሔው ከግድግዳው ማዶ ተገኘ። ጎረቤቷ ብርነሽ ክርስቲያን ናት፤ የረመዳን ጾም አይመለከታትም። ምላሷ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው። በድግስ ቤት ወጥ ቀምሳ የረካችበት ቀን የለም።

ብርነሽ ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ማንኪያውን ትቀበልና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ጾመኛ ፊት መላስ ነውር ነው ባይ ናት። ከዚያ ትፈርዳለች።

"ሎሚ አንሶታል።"

"ስኳሩ በዛ ሳብዬ፣ ጥርስ ያረግፋል።"

ሰብሪና እየተነጫነጨችም ቢሆን ትታዘዛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከሆቴሉ ለምስጋና ተደወለ።

ነሐሴ ሲብት ዝናቡ ባሰበት። የብርነሽ የእህት ልጅ ፀሎት ባምቢስ ጋ ጁስ ቤት ከፈተች። ሰብሪናም የእንኳን ደስ ያለሽ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ላከችላት።

በዚያው ሰሞን ከሆቴሉ ስሞታ መጣ። የማክሰኞው ይኮመጥጣል፣ የሐሙሱ ጉሮሮ ይይዛል።

"ቀምሰን እኮ ነው የላክነው" አለች ሰብሪና በስልክ።

"ማን ቀምሶት?" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ብርነሽን ልብ ብላ ታያት ጀመር። አቃቂር የማያልቅባት ሴት አሁን ሁሉን ታመሰግናለች። ማንኪያውን ይዛ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ማንኪያውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትመልሳለች። "ማር ነው!" ትላለች። ሻይ ልቅዳልሽ ስትባል ቸኩያለሁ ብላ ትወጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ሰብሪናንም ዓይን ዓይኗን አታያትም።

"ሳቢ፣ ንቂ እንጂ!" አለ ሳላሀዲን። "ልጅቷ ጁስ ቤት ከፈተች፣ ያንቺ ሽሮፕ ተበላሸ። ማለቴ፣ ይሄ ዝም ብሎ ገጠመ? ሆቴሉ አንቺን ሲያሰናብት በማን ሊተካሽ ነው? በቃ፣ ክሊር ነው።"

"ብርነሽ እንዲህ አታደርግም።"

"እሺ፣ ጨው ጨምሪበትና ቅመሺ በያት። ያኔ እናያለን።"

ሰብሪና ተቆጣችው። ረመዳን የያዘ ሰው ከራሱ ረሃብ በቀር የሚታየው የለም፤ በዚያ ላይ ቁጣ ሲጨመርበት ሰው ማመን ይከብዳል። በማግስቱ ሆቴሉ ደውሎ የዛሬውም ከተበላሸ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አላት። ሰብሪና ስልኩን ዘጋችና ከትልቁ ድስት በትንሿ ብረት ድስት ቀንሳ አንድ እፍኝ ጨው ጨመረችባት።

ሰባት ሰዓት ላይ ብርነሽ መጣች። የነጠላዋ ጫፍ ብጫ ነጠብጣብ ይዟል። ማንኪያውን ተቀበለች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ትንሽ ቆየች።

"ማር ነው ሳብዬ! ምንም አይጎድለው።"

ሰብሪና ዱካው ላይ ዘጭ አለች። ስትቆጣ ውላ ነበር፤ አሁን ግን ሆዷን የሞላው ኀዘን ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ከጎኗ ያልተለየችው ይህችው ብርነሽ ናት። ትዳር እንኳ እንደ እናንተ ጉርብትና አይዘልቅም ይላቸው ነበር የሰፈሩ ሰው።

ተነስታ ከትንሿ ድስት አንድ ብርጭቆ ሞልታ ቀዳችላት።

"ማር ከሆነ ጠጪልኝ።"

ብርነሽ ብርጭቆውን ተቀበለች። ሰዓቷን አየች። መስኮቱን አየች።

"አሁን አልችልም።"

"አየሽ አይደል!" አለ በሩ ላይ የቆመው ሳላሀዲን። "እትዬ ብርነሽ፣ ለምን አይጠጡትም? ጨው እንዳለበት ያውቃሉ ማለት ነው!"

"የምን ጨው?" አለች ብርነሽ።

"አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬበታለሁ፤ አንቺ ማር ነው አልሽኝ!" ሰብሪና እንባዋ ወረደ። "በምላስሽ እንጀራዬን ዘጋሽው። ምን በደልኩሽ?"

ብርነሽ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች።

"እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ ሳብዬ፣ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ መች ቀምሼልሽ አውቃለሁ?"