ንጹህ የሐበሻ እንቁላል

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ይንተከተካል።

«ሻይ ነው ጋሼ፤ ልቅዳልዎ?» አለች ባለሱቋ።

«ሥራ ላይ ሻይ አልጠጣም» አለ ተቆጣጣሪው።

«የተፈጥሮ» የሚል ስቲከር ካልተለጠፈበት ሱፐርማርኬቱ እንቁላሏን አይረከባትም። ስቲከሩ ደግሞ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

«እውነት የሐበሻ ዶሮ ናት የጣለችው?»

«ምን ነካዎት ጋሼ፣ መልኩን አያዩትም እንዴ? ጓሮ ለጓሮ ጭራ የምታድር ዶሮ ናት እኮ።»

አንዱን ቡናማ እንቁላል አነሳና በላብ በራሰ መዳፉ እያገላበጠ ብዙ አየው። እንቁላሉ ነጭ ሆነ፤ መዳፉ ቡናማ።

ባለሱቋ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ተቆጣጣሪው ጣቱን ላስ አደረገ።

«ስኳር የለውም» አለ።

ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፣ ስቲከሩን ማንቆርቆሪያው ላይ ለጠፈና ወጥቶ ሄደ።